ላኪው ያልታየ መርዶ

«በኮምፒውተር ነው የገደለችው» አሉ ወይዘሮ ካሰች ከመጋረጃው ወዲያ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ለአንዲት ዘመዳቸው ያወሩ ነበር። «አዎን፣ የካቺሲዋ ልጅ፣ አያንቱ የሚሏት። ከብት የምትከትበው። ወንድሜ ትንፋሹ አለ፣ አልካድኩም። አፉ ተዘግቶ፣ ግማሽ አካሉ በድን ሆኖ ምኑን ኖረ ትያለሽ? እሷ ግን በእግሯ ትሄዳለች፣ ደመወዟን ትበላለች።»

ከመጋረጃው ወዲህ ልጃቸው ጋዲሴ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ ለሁለተኛ ጊዜ ፈትታ ለሁለተኛ ጊዜ አሰረች። ቤቱ አንድ ሳሎንና አንድ መኝታ ነው፤ በር ያለው የውጪው ብቻ ስለሆነ እናትና ልጅ አንዳቸው የሌላቸውን ሳል ሳይቀር ይሰማሉ። ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ይህ ታሪክ ለጎረቤት ሲነገር፣ ለዘመድ ሲነገር፣ ወተት ለምታመጣው ሴትዮ ሳይቀር ሲነገር ሰምታለች፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉም «እማዬ፣ ልጅቷ አይደለችም» ልትል ተነሥታ መልሳ ተቀምጣለች። መጋረጃውን ገልጣ ስትወጣ እናቷ ስልኩን ዘግተው ለበሽተኛው የሚወሰደውን ብርቱካን ፌስታል ውስጥ እየከተቱ ነበር። ኪሎው ስልሳ ብር ገባ፣ ስድስት ፍሬ ብቻ ወጣው፣ ከስድስቱም አንዱ የለሰለሰ ነው አሉ። ጋዲሴ «ከምሳ በኋላ ጊንጪ አብረን እንሄዳለን» አለቻቸው። «እሺ» አሉ።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት ረቡዕ፣ ገና ፀሐይ ሳትሞቅ፣ አሥራ አራት ሰው የጫነ ሚኒባስ ጊንጪ ኦቦ ሌንጂሳ ደጃፍ ላይ ቆመ። ኦቦ ሌንጂሳ የወይዘሮ ካሰች ታላቅ ወንድም፣ ጋዲሴ «ኤሱማ» ብላ የምትጠራቸው አጎቷ ናቸው፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት በየወረዳው ከብት ሲከትቡ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ከሚኒባሱ የወረዱት ደግሞ አብረዋቸው የሠሩ፣ ሥራም ከእሳቸው የተማሩ የአምቦና የጉደር ሰዎች ነበሩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢ ደርበው፣ አጥሩ ጋ ሲደርሱ እንደ ወጉ ለቅሶውን አሰሙ። የሚለቀስላቸው ኦቦ ሌንጂሳ ግን ጥጃቸውን ሊያስሩ ወጥተው ኖሮ በሩን ራሳቸው ከፈቱላቸው። ለቅሶው ባንዴ ቀጥ አለ። አሥራ አራቱም አፋቸውን ይዘው ቆሙ። እሳቸው የያንዳንዳቸውን ፊት ተራ በተራ አዩ፤ ሁሉንም ያውቋቸዋል። በጠዋት፣ በቡድን ሆኖ፣ ነጠላ አዘቅዝቆ ሰው ደጅ የሚመጣ ምን ይዞ እንደሚመጣ ደግሞ ማንም ሳይነገረው ያውቀዋል። አንድ ልጃቸው ቶሌራ በምዕራብ በኩል የመድኃኒት መኪና ይነዳል፤ በዚያ መስመር ስልክ ከተቋረጠ ሁለት ሳምንት አልፎ ነበር።

«ቶሌራ ነው?» አሉ።

የመለሰላቸው የለም። ምን ብለው ይመልሱ? እርስዎ ሞቱ ተብለን ነው የመጣነው ይባላል? «ቶሌራ ነው አይደል?» አሉ ደግመው። ከዚያ የጥጃው ገመድ ከእጃቸው ወደቀ፣ እሳቸውም ተከትለውት ወደቁ። ቶሌራ በሦስተኛው ቀን በደህና መጣ። አባቱ አዩት፣ አለቀሱም፤ ቀኝ ጎናቸውና ምላሳቸው ግን አልተመለሱም።

ለቀስተኞቹን የጠራቸው ኢሜይል ነው። በአምቦ ከተማ፣ ስሙን ባንጠራው በሚሻል አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ጋዲሴ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። የሥራ መደቡ ስም በእርግጥ ከዚህ ይረዝማል፤ ያልረዘመው ደመወዙ ነው። ከሥራዋ አንዱ በ2007 ዓመተ ምሕረት አንድ ፕሮጀክት አቋቁሞት የሄደ ግሩፕ ኢሜይል ነው። በየወረዳው ያሉ ዘጠና የከብት ሐኪሞችና ከታቢዎች በአንድ አድራሻ ይጻጻፉበታል፤ አባሰንጋ ታየ፣ ክትባት አለቀ፣ እንትና ተዛወረ፣ እንትና ወለደች ይባባሉበታል። ቴሌግራም ከመጣ ወዲህ ወጣቶቹ በየወረዳቸው ተከፋፍለው እዚያ ያወራሉ፤ ሁሉንም በአንድ ላይ የሚያገኛቸው ግን አሁንም ያ አሮጌ ግሩፕ ነው። ማንም የጻፈው መልእክት በቀጥታ ለዘጠናው አይደርስም። መጀመሪያ ጋዲሴ ጋ ይቆማል፤ እሷ አይታ «ይለቀቅ» የሚለውን ካልተጫነች አያልፍም። እንዲህ ያደረገችው ቫይረስ ፈርታ ነው። የየወረዳው ኮምፒውተር ከፎቶ ኮፒ ቤት በመጣ ፍላሽ የተበከለ፣ መከላከያውም ጊዜው ካለፈ ዘመን ያስቆጠረ ነው፤ አንዱ የተበከለ ፋይል ለግሩፑ ከላከ ዘጠናውም ባንድ ጠዋት ያልቅለታል። ስለዚህ ሕግ አወጣች። ፋይል የተያያዘበት መልእክት አይለቀቅም ብላ በትልልቅ ፊደል አትማ ግድግዳዋ ላይ ለጠፈች። ሰው «ጋዲሴ ኬላዋ» እያለ ቢቀልድባትም ግሩፑ ለዓመታት አንድም ቀን አልተበከለም።

ሕጉን የሰበረችው በለቅሶ ምክንያት ነው። አምና የኦቦ ሌንጂሳ ባለቤት ወይዘሮ ወርቅቱ ዓርብ ማታ ሲያርፉ፣ ጊንጪ በተለማማጅነት ስትሠራ አንድ ዓመት እነሱ ቤት የኖረችው አያንቱ «የሐዘን መግለጫ፦ ኦቦ ሌንጂሳ» የሚል ርእስ ሰጥታ፣ የቀብሩን መርሐ ግብር በፋይል አያይዛ ለግሩፑ ላከች። መልእክቱ እንደ ደንቡ ጋዲሴ ጋ ቆመ። ጋዲሴ ግን ያን ጊዜ ጊንጪ ድንኳን ውስጥ ለቀስተኛ ታስተናግድ ነበር፤ ኢሜይል ትዝ ያላት ሰኞ ቢሮ ስትገባ ነው። ቀብሩ እሑድ ተፈጽሟል። ሠላሳ ሁለት ዓመት አብረዋቸው ከሠሩት ሁሉ ለቀብር የደረሱት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ኦቦ ሌንጂሳ አልተቆጧትም። አንድ ቀን ብቻ፣ ስለ ሌላ ነገር ሲጨዋወቱ፣ «ወርቅቱ እንኳ ሰው አልነበራትም» አሉ። ጋዲሴ ያን ቀን ራት አልበላላትም። ከዚያ ወዲህ «ሐዘን» የሚል ቃል ያለበትን መልእክት ሁሉ፣ ፋይል ይኑረው አይኑረው፣ እንደ ደረሰ ትለቀው ጀመር። ለቅሶ በኬላ አይያዝም ብላ።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ያደረገችውም ይህንኑ ነው። ባጃጅ ውስጥ፣ የሽንኩርት ዘንቢል ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስትሄድ ስልኳ ጮኸ። ጠባቡ መስታወት ያሳያት «አያንቱ» እና «የሐዘን መግለጫ» የሚለውን ብቻ ነው፤ የማን ሐዘን እንደሆነ ቤት ስደርስ እከፍተዋለሁ ብላ ለቀቀችው። ቤት ስትደርስ መብራት የለም፣ ስልኳም ሞተ። የላከው ሰው ሳይሆን ቫይረስ ነው፤ የአምናውን የአያንቱን ደብዳቤ ከአንድ የተበከለ ኮምፒውተር ቆፍሮ አውጥቶ፣ የመርሐ ግብሩን ፋይል በራሱ ፋይል ለውጦ፣ በስሟ ልኮት ነበር። ስሙ የእሷ ነው፤ ከስሙ ጀርባ ያለው አድራሻ ግን ማንም የማያውቀው የባዕድ አድራሻ። ይህን ለማወቅ ስሙን አንድ ጊዜ በጣት መንካት ይበቃ ነበር። ርእሱን ያዩት ሰዎች የሞቱት ኦቦ ሌንጂሳ ራሳቸው መስለዋቸው የቀብሩን ሰዓት ለማየት ፋይሉን ከፈቱ፣ ምንም አላሳያቸው አለ፤ እንግዲያው በጠዋት እንድረስ ተባባሉ። ለጋዲሴ የደወለላት የለም። የሟች ዘመድ በስልክ አይረዳም፣ ደግሞ ይህን ጊዜ ጊንጪ ናት አሉ። አርባ ያህል ኮምፒውተር በዚያው ሌሊት ተበላሸ።

ዛሬ ጠዋት ጋዲሴ ቢሮ ስትደርስ አያንቱን ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ከካቺሲ ትናንት ነው የተነሣችው። ላፕቶፗን በነጠላ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች፤ ጫማዋ ላይ ያለው ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ዛሬ ግን ፊቷን ላየው አርባ ያለፋት ትመስላለች። በአጠገቧ የሚያልፉት የቢሮው ሰዎች ሰላምታቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ያልፋሉ።

«አካም ቡልቴ፣ አዴ ጋዲሴ» አለች ተነሥታ፣ እንዴት አደርሽ ለማለት።

«ነጋ፣ ሰላም ነው። አካም ጅርታ፣ እንዴት ነሽ?»

«እንደምታይኝ ነኝ እንግዲህ። ኮሚቴ ፊት ቅረቢ፣ ላፕቶፑንም ይዘሽ ነይ ተባልኩ። እኔ የላክሁት ነገር የለም። ያን ማክሰኞ ካቺሲ ቀኑን ሙሉ መብራት አልነበረም፤ በምን እልካለሁ?» ዐይን ዐይኗን አየቻት። «አንቺ ታገኚዋለሽ አይደል? ኮምፒውተር ነውና የሆነ ቦታ መዝግቦት ይሆናል።»

«አየዋለሁ» አለች ጋዲሴ፣ ቁልፏን ከቦርሳዋ ስትፈልግ እንዳጎነበሰች።

መዝግቦታል። ጋዲሴ ከሳምንት በፊት አይታዋለች፤ ዛሬ ግን በሯን ዘግታ ገጹን ከፈተችና አተመችው። አንድ ገጽ ነው። ከላይ ስም፣ ከስሙ ሥር ያ የባዕድ አድራሻ፣ ከዚያ ቀንና ሰዓት፤ ከታች በመጨረሻው መስመር ላይ ደግሞ፦ የለቀቀችው ጋዲሴ፣ በስልክ፣ ሳይከፈት። አያንቱን ነጻ የሚያወጣው ወረቀትና እሷን የሚያስይዘው ወረቀት አንድ ወረቀት ነው። ታችኛውን ቆርጣ ላይኛውን መስጠት አማራት፤ መቀሱን ከመሳቢያው አወጣች፣ መልሳ ከተተችው። እንዲህ ያለ ነገር የሚያስብ ሰው እሆናለሁ ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ወረቀቱን አራት ላይ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባች።

አለቃዋ ኦቦ መርጋ ሲያስጠሯት ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ጠረጴዛቸው ላይ የቀዘቀዘ ሻይና የአያንቱ የግል ማኅደር አለ።

«አንድ ገጽ ማብራሪያ ጻፊልኝ፣ ኮሚቴው አራት ሰዓት ላይ ይቀመጣል» አሏት። «መልእክቱ በማን ስም መጣ? በአያንቱ። ለማን ተሰራጨ? ለአባላት። በቃ፣ ሌላ ምንም አታብዢበት።»

«ስሙን እንጂ አድራሻውን ካየነው፣ ኦቦ መርጋ...»

«አድራሻውን ያላየ ማን ነው?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አየሽ፣ ከላይ አንድ ስም እየጠየቁኝ ነው። አንድ ካገኙ ሁለተኛ አይጠይቁም። እሷ ልጅ ናት፣ ቢቀጧት ነገ ትረሳዋለች። አንቺ እናት ትጦሪያለሽ። ደግሞ በሽተኛው አጎትሽ ናቸው፤ ይህ ነገር እቤታችሁ ከገባ በኋላ እንዴት አድርጋችሁ ልትኖሩበት ነው?»

ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ለእሷ በማሰብ ነው ያሉት፣ ያስቸገረውም ይኸው ነው። ጋዲሴ ወደ ክፍሏ ተመልሳ ጻፈች፦ «መልእክቱ በወይዘሪት አያንቱ ስም ደርሶ ለአባላት ተሰራጭቷል።» ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከቃላቱ አንዱም ውሸት አይደለም። ፈርማ፣ ማኅተም አስመትታ አስረከበች። ኮሚቴው ከአንድ ሰዓት ያነሰ ተቀመጠ። አያንቱ ስትወጣ ላፕቶፑ ከእሷ ጋር አልነበረም፤ ባዶ ነጠላዋን እጇ ላይ ጠቅልላ በጋዲሴ በር አጠገብ አለፈች። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ጋዲሴ እንድትገባ ፈራች፣ ሳትገባ ስታልፍ ደግሞ ከፋት። ከሥራና ከደመወዝ ታግዳ ትቆይ መባሉን የሰማችው ከጽዳት ሠራተኛዋ ነው።

ከምሳ በኋላ እናትና ልጅ በሃያ አምስት ብር ሂሳብ የጊንጪ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ወይዘሮ ካሰች መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ፣ ብርቱካኑን አቅፈው። ረዳቱ ትርፍ ሰው ጭኖ ከኋላቸው ያሉት ሰዎች ስለ ጤፍ ዋጋ ይጨቃጨቁ ነበር። ጋዲሴ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ ይዛ መንገዱን ሙሉ ዐረፍተ ነገር ስትሠራ ሄደች። «እማዬ፣ የለቀቅሁት እኔ ነኝ።» «እማዬ፣ ላኪውን ሳላይ ነው።» እናቷ አንዴ ዞር ብለው «ምነው አላበሽ?» አሏት። «ሙቀቱ ነው» አለች። በመስኮቱ የሚገባው ነፋስ ግን የጭልሞን ደን ብርድ ይዞ የሚመጣ ነበር። እናቷ ይህን አላነሡባትም፤ የራሳቸውን ነጠላ ገልጠው እሷን ሸፈኗት።

የኦቦ ሌንጂሳ ክፍል ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ አንድ መስኮት ብቻ ያለው ነው። ግድግዳው ላይ የክትባት ሣጥናቸው በማንገቻው እንደ ተሰቀለ አለ፤ ጡረታ ሲወጡ በስጦታ የተሰጣቸው እሱ ብቻ ነው። አልጋው መስኮቱ ሥር ተደርጎላቸዋል። ቶሌራ አባቱን በትራስ ደግፎ በማንኪያ ውሃ ይሰጣቸዋል፣ ውሃው በቀኝ በኩል ተመልሶ ይወርዳል፣ በፎጣ ይጠርገዋል፣ እንደገና ይሰጣቸዋል። ጋዲሴ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። ዐይናቸው ደህና ነው፤ ሲያዩዋት የግራ ጣታቸውን ከብርድ ልብሱ ላይ ትንሽ አነሡላት፤ ልጅ ሳለች ከመስክ ሲመለሱ ከሩቅ የሚያሳዩዋት ምልክት ነበር። አሁን ልንገራቸው አለች በልቧ። እሳቸው ብቻ ይስሙኝ። ያን ጊዜ ከደጅ ድምፅ መጣ።

የሰፈሩ ሽማግሌ ኦቦ ዋቆ ነበሩ፤ ከኋላቸው አያንቱ። ትከሻዋ ላይ፣ ማጅራቷን ተጭኖ፣ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ ተሸክማለች፤ በሁለት እጇ ደግፋው ከወገቧ ጎንበስ ብላ ቆማለች። ወይዘሮ ካሰች ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «እዚህ ቤትማ አትገባም» አሉ።

«ልካለች አልላከችም እኔ አላውቅም፣ ኮምፒውተር የሚሉትን ነገር አላየሁትም» አሉ ኦቦ ዋቆ። «በስሟ መጥቷል፤ ስሟ ስለ ተጠራ ድንጋይ ተሸክማ መጥታለች። ድንጋይ የተሸከመን ሰው ከደጅ አንመልስም። አራራ ነው፣ እርቅ ነው፣ ካሰች።»

ቶሌራ «ትግባ» አለ።

ገባች። መሬቱ ላይ በጉልበቷ ወደቀች፣ ድንጋዩ ግን ከትከሻዋ አልወረደም። «ኦቦ ሌንጂሳ፣ አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። ኦቦ ሌንጂሳ አዩዋት። ድንጋዩን አዩ። እሷን አዩ፣ መልሰው ድንጋዩን። ዐይናቸው ፈጠጠ። ጋዲሴ ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባት፤ ስለ ኢሜይሉ ለእሳቸው የነገራቸው ሰው የለም። በሽተኛ አይረበሽ ተብሎ፣ ምን እንደሆነ ማንም አላስረዳቸውም። ቤታቸው ያሳደሯት፣ ወርቅቱ ስትሞት ከልጅ እኩል ያለቀሰችው ልጅ ለምን ድንጋይ ተሸክማ እንደ መጣች አያውቁም። አፋቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣውም። የግራ እጃቸውን ዘርግተው ድንጋዩን ከላይዋ ሊገፉ ሞከሩ፤ አቅም አነሳቸው። «ይቅር ብለዋታል፣ አያችሁ?» አሉ ኦቦ ዋቆ፣ ድንጋዩንም አንሥተው ወደ ደጅ አወጡት። ወይዘሮ ካሰች ፊታቸውን አዙረው ማልቀስ ጀመሩ። ሁሉም አለቀሰ። ጋዲሴ አፏን ከፈተች፤ ሰው ሁሉ እያለቀሰ፣ ነገሩ በወግ በማዕረግ እየተዘጋ፣ አሁን ተናግሬ ላፍርሰው ወይ አለች፤ ዘጋችው። ኦቦ ሌንጂሳ አያንቱን በዐይናቸው እንደ ጠየቁ፣ ከእሷ ላይም ሳያነሡት፣ አሥር ሰዓት ከመሆኑ በፊት ዐረፉ።

እሪታው ጋብ ብሎ ጎረቤት መሰብሰብ ሲጀምር ቶሌራ ጋዲሴን ወደ ደጅ ጠራት። ፊቱ ደርቋል። «እናቴ ሰው አልነበራትም» አለ። «ለአባቴ ይምጣለት። ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው። ጻፊው።»

ጋዲሴ ስልኳን አውጥታ ጻፈች። ፋይል የለውም፣ አራት መስመር ብቻ። ርእሱ «የሐዘን መግለጫ፦ ኦቦ ሌንጂሳ» የሚል ነው። ለዘጠናው ለቀቀችው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መልስ ይመጣ ጀመር፤ መልሱም እንደ ደንቡ እሷው ጋ ይቆማል። ከጉደር፦ «ጋዲሴ፣ አድራሻሽ ተጠልፏል፣ ቫይረሱ ተመልሷል።» ከጌዶ፦ «አባላት፣ እንዳትከፍቱት።» ከአምቦ፦ «አሁንስ በዛ፣ ኦቦ ሌንጂሳ ስንት ጊዜ ይሞታሉ?» አንዱ የሚስቅ ፊት ጨምሮበታል። አሥራ አንድ መልስ ተደርድሮ «ይለቀቅ» ወይስ «ይሰረዝ» እያለ ይጠይቃታል። ለኦቦ መርጋ ደወለች፣ አመኗት፣ ነፍሳቸውን ይማር አሉ። ዘጠና ሰው ጋ ግን ተደውሎ አይዘለቅም፤ የአብዛኛውም ቁጥር የላትም። ደግሞስ ምን ትላለች? ይኸኛው እውነት ነው ብትል የቀደመው ለምን ውሸት ሆነ፣ ማን ለቀቀው ይሏታል። ያን ሳትመልስ ይህን የሚያምናት የለም።

ድንኳን ለመትከል ግንድ ከሚያወርዱት ሰዎች ራቅ ብላ፣ አጥሩ ሥር ተቀምጣ እንደገና ጻፈች። እናቷ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጥተው ከጀርባዋ ቆሙ። ወይዘሮ ካሰች ስምንተኛ ክፍል የጨረሱ ናቸው፤ ያነባሉ።

«የዛሬው እውነት ነው። የዛሬ ዘጠኝ ቀን የመጣውን የላከችው አያንቱ አይደለችም፤ በስሟ የመጣ ቫይረስ ነው። ላኪውን ሳላይ፣ ሳልከፍት የለቀቅሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ለኮሚቴው የጻፍኩት ማብራሪያም ይህን ደብቋል። መዝገቡ እጄ ላይ አለ። ኦቦ ሌንጂሳ አጎቴ ናቸው። እባካችሁ ለቀብራቸው ድረሱ።»

ወይዘሮ ካሰች እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ ጎንበስ ብለው በጣታቸው መሐሉን አሳዩአት። «ይኼን አውጪው» አሉ። «ቀብሩን ብቻ ጻፊ።»

«ካላወጣሁት አያምኑም እማዬ።»

«ይቅርብን። ሰው ይቅርብን።»

ጋዲሴ «ይለቀቅ» የሚለውን ተጫነች። እናቷ ቀና አሉ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ አንድ ጊዜ ሳያዩዋት፣ ወደ ሴቶቹ ተመለሱ። ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ጮኸ፤ የጉደሩ ሰው ነበር። «ጋዲሴ፣ እግዜር ያጽናሽ። ስድስት ሰዓት ነው አልሽ?» ስለ ሌላው አላነሣም። ቀጥሎ ከጌዶ ተደወለ፣ ቀጥሎ ከአምቦ። ሁሉም ሰዓቱን ጠየቁ፣ ሌላውን ማንም አላነሣም።

አያንቱ በሩ አጠገብ ስልኳን ይዛ ቆማ ነበር። ማንበቧን ጋዲሴ ከአቋቋሟ ዐወቀች። ያ ድንጋይ መግቢያው ላይ ቀርቶ ነበር፤ አያንቱ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ አነሣችው፣ ለቀስተኛ እንዳያደናቅፍ ከአጥሩ ሥር አስቀመጠችው፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ጋዲሴ ተነሥታ ወደ እሷ ሄደች።

«ጠዋት ታውቂ ነበር» አለች አያንቱ። መጠየቋ አልነበረም።

«አውቅ ነበር።»

«ጠዋት ብትነግሪኝ ኖሮ» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «ባዶ እጄን ገብቼ እጃቸውን እይዛቸው ነበር። አሁን ግን ምን አድርጌ እንደሆነ ሳይገባቸው ሄዱ።»

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ወደ ውስጥ ገባች፣ ከሴቶቹ ጋርም ተቀመጠች። ጋዲሴ ስልኩ እንደገና ሲጮኽ አነሣችው፤ ስድስት ሰዓት ነው አለች።